አነስተኛ የማኅበራዊ ሚዲያ ሰርቨርን በራስ ማስተዳደር፦ ስም፣ ሰዓት፣ ወረፋና ኃላፊነት



ዛሬ የምናገረው ጠባብ ስለሚመስል አንድ ጉዳይ ነው። አንድ የምርምር ቡድን፣ አንድ የተማሪዎች ማኅበር ወይም አንድ ቤተሰብ የራሱን የማኅበራዊ ሚዲያ ሰርቨር አቁሞ፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ሰርቨሮች ጋር እያገናኘ ሊጠቀምበት ይችላልን? ከቻለስ፣ ሰርቨሩ በታመመ ጊዜ ሕመሙን እንዴት ፈልጎ ያገኘዋል? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ይችላል። የንግግሬ አብዛኛው ክፍል ለሁለተኛው የተመደበ ነው። በዚህ ጉዳይ ከሚጻፉት መመሪያዎች ብዙዎቹ ሰርቨሩ በተነሣበት ሰዓት ያበቃሉ፤ ችግሩ ግን የሚጀምረው በማግስቱ ነው።

በቅድሚያ «ፌዴሬሽን» የሚለውን ቃል በአገራችን ከሚቀሰቅሰው ሌላ ክርክር ለይተን እንድንይዘው እለምናለሁ። እዚህ ላይ ቃሉ የሚያመለክተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባለቤት ያላቸው ሰርቨሮች በአንድ የጋራ ቋንቋ መልእክት የሚለዋወጡበትን አሠራር ነው። ኢሜይል ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው። አንዱ በጂሜይል፣ ሌላው በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ግን ይደርሳል። ፌስቡክና ኤክስ ግን እንዲህ አይደሉም፤ በአንዱ ቤት ውስጥ የተጻፈውን በሌላው ቤት ሆኖ መመለስ አይቻልም።

ይህን የኢሜይል ጠባይ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ የማምጣቱ ሙከራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢቫን ፕሮድሮሙ አይደንቲካ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ፤ ሶፍትዌሩንም ማንም ወስዶ በራሱ ሰርቨር ላይ እንዲያቆመው ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦይገን ሮችኮ የተባለ ወጣት ፕሮግራመር በጀርመን ማስቶዶንን አወጣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ የዓለም አቀፉ ድር መሥፈርት አውጪ ጥምረት አክቲቪቲፐብ የተባለውን ፕሮቶኮል እንደ ይፋዊ መሥፈርት አጸደቀ። ጉዳዩ ከጥቂት ባለሙያዎች ወጥቶ የብዙ ሰው መነጋገሪያ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ትዊተር ለኢሎን መስክ በተሸጠ ጊዜ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ከእድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እያንዳንዱ እድር የራሱ አባላት፣ የራሱ ዳኛና ጸሐፊ፣ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ከሁሉም እድሮች በላይ የተቀመጠ አንድ የእድሮች ባለቤት የለም። ነገር ግን በአንዱ እድር ውስጥ ሐዘን ሲደርስ ወሬው ወደ ጎረቤት እድር ይደርሳል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ጡሩምባው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። አክቲቪቲፐብ ያ የጋራ የጡሩምባ ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ገቢ ሣጥንና ወጪ ሣጥን አለው። እኔ ስጽፍ ሰርቨሬ ጽሑፉን ለሚከተሉኝ ሰዎች ሰርቨሮች ይልካል፤ እያንዳንዱ ተቀባይ ሰርቨርም ቅጂውን በራሱ የመረጃ ቋት ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ሳይያዝ መታለፍ የለበትም። ሰርቨር የሚያሳየው የደረሰውን ብቻ ነው። አዲስ በቆመ ሰርቨር ላይ አንድ ታዋቂ ሰው ፈልጋችሁ ገጹን ብትከፍቱ ባዶ ወይም ባዶ ሊባል የሚችል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ተጠቃሚው «ሰርቨሩ ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። ከዚህ ሰርቨር ማንም ያንን ሰው ይከተል ስላልነበረ የቀድሞ ጽሑፎቹ አልተላኩም። ከተከተላችሁት ሰዓት ጀምሮ የሚጻፈው ይደርሳል። ለአስተዳዳሪ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች ብዙዎቹ ብልሽት ሳይሆኑ እንዲህ ያሉ የአሠራሩ ጠባዮች ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱን መለየት የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ውሳኔዎቹ እንግባ። በቁጥር ብዙ ናቸው፤ የማይመለሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስሙ ነው።

ሶፍትዌሩን መለወጥ ይቻላል። ማሽኑን መለወጥ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ወደ ቤታችሁ ሳሎን ማዛወርም ይቻላል። የዶሜይን ስሙን ግን አንዴ ሰርቨሩ ከሌሎች ጋር መልእክት ከተለዋወጠ በኋላ መለወጥ አይቻልም። ምክንያቱም የእያንዳንዱ ተጠቃሚና የእያንዳንዱ ጽሑፍ መታወቂያ ራሱ ያ የድር አድራሻ ነው። ሌሎች ሰርቨሮች የሚያውቋችሁ በስማችሁ እንጂ በማሽናችሁ አይደለም። ስሙ ሲለወጥ ለእነርሱ የቀድሞው ሰው ሞቷል፤ የመጣው ሌላ እንግዳ ነው።

ስለዚህም የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ለውበቱ ወይም ለርካሽነቱ ሲባል የሌላ አገር ቅጥያ የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። የማሊ ቅጥያ ለብዙ ዓመታት በነጻ ሲታደል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 አስተዳደሩ ወደ ማሊ መንግሥት ሲመለስ፣ በዚያ ስም የቆሙ አንዳንድ የፌዴሬሽኑ ሰርቨሮች ስማቸውን በድንገት አጡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ በአፍጋኒስታን ቅጥያ ይጠቀም የነበረ አንድ የማስቶዶን ሰርቨር፣ ስሙ በታሊባን በሚመራው መንግሥት በመታገዱ ተዘጋ። ማሽኑ በአውሮፓ ይቁም በአሜሪካ ለውጥ አላመጣም። ስለ ሰርቨር ሉዓላዊነት የሚናገር ሰው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ክስተቶች ቢጀምር መልካም ነው እላለሁ።

ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ አልቆይም። ማስቶዶን በባህርይው ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ከፍ ያለ የማስታወሻ አቅም ይጠይቃል፤ ምክንያቱም በውስጡ አንድ ፕሮግራም ሳይሆን አንድ ሰፈር አለ። ድሩን የሚያቀርብ ክፍል፣ ፖስትግረስ የተባለው የመረጃ ቋት፣ ሬዲስ የተባለው ፈጣን ማስታወሻ፣ ሳይድኪክ የተባለው የወረፋ ሠራተኛ፣ ከፊታቸውም እንደ ዘበኛ የቆመው ኢንጂንኤክስ ይኖራሉ። ጎቱሶሻል የተባለው ሶፍትዌር በአንጻሩ አንድ ፕሮግራምና አንድ ኤስኪውላይት ፋይል ይበቃዋል፤ ለአምስትና ለዐሥር ሰው ከሆነ እኔ ይህንኛውን እመርጣለሁ። የሚቀጥሉት ምሳሌዎቼ ግን ከማስቶዶን ናቸው፤ ክፍሎቹ ተለያይተው ስለሚታዩ ለማስተማር ይመቻል።

ስለ ማሽኑ ቦታ የሚነሣው ክርክር ለእኛ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። ቤት ውስጥ የቆመ ሰርቨር መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ብዙ የቤት ኢንተርኔት ግንኙነቶች የራሳቸው ቋሚ ይፋዊ አድራሻ ስለሌላቸው ከውጭ የሚመጣ መልእክት በሩን አያገኘውም። ውጭ አገር የተከራየ ማሽን እነዚህ ችግሮች የሉበትም፤ ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ከዚህም በላይ የግንኙነት መቋረጥ አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥና ለሳምንታት ሳይመለስ ሲቆይ፣ እዚህ ያለ ሰርቨር ከዓለም ይለያል፤ ውጭ ያለው ሰርቨር ደግሞ በሰላም ይሠራል፤ ባለቤቶቹ ግን አይደርሱበትም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ገደማ እንደሆነው፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በስም ተመርጠው ሲገደቡ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ፌዴሬሽኑ አንድ ስም የለውም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ናቸው። ይህ ማለት አይታገድም ማለት አይደለም። የሚታገድበት መንገድ የተለየ ነው ማለት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰርቨሩ ቆመ እንበል። አንድ ጠዋት ስልክ ይደወላል፤ «ሰርቨሩ አይሠራም» ይባላል።

ይህ ዓረፍተ ነገር ለምርመራ አይረባም። ሐኪም «አሞኛል» ብሎ ለመጣ ሰው መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ አስተዳዳሪም በዚህ ዓረፍተ ነገር ብቻ ማሽኑን አጥፍቶ ሊያበራ አይገባውም። ማጥፋትና ማብራት አንዳንዴ ምልክቱን ያስወግዳል፤ ማስረጃውንም አብሮ ይወስዳል። መጠየቅ ያለበት፦ ማንበብ ይቻላልን? መጻፍስ? የጻፍነው ከሰርቨሩ ይወጣልን? የሌሎችስ ይገባልን? እነዚህ አራቱ የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ አንዱ ተዘግቶ ሦስቱ ክፍት ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው እንደተዘጋ ከታወቀ የምርመራው ግማሽ ተጠናቋል።

ከዚያ በኋላ ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ ነው። ስሙ ወደ ትክክለኛው አድራሻ ይመራልን? አድራሻው በቁጥር 443 በር ላይ መልስ ይሰጣልን? የደኅንነት ሰርተፊኬቱ ጊዜው አላለፈምን? ዘበኛው ኢንጂንኤክስ ከውስጥ ያለውን ፕሮግራም ያገኘዋልን? እዚህ ላይ 502 የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ እንዲያውም ደግ ቁጥር ነው። ስሙ፣ መስመሩ፣ ሰርተፊኬቱና ዘበኛው ደኅና መሆናቸውን፣ ነገር ግን ዘበኛው በር ሲያንኳኳ ከውስጥ የሚመልስለት እንዳጣ በአንድ ጊዜ ይነግረናል። አራት ነገሮችን ነጻ አውጥቶ አንዱን የሚጠቁም ምስክር ማለት ነው።

ስለ ሰርተፊኬቱ አንድ ነገር ላክል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚሰጠው የተለመደው ነጻ ሰርተፊኬት ለ90 ቀናት ያገለግላል፤ የሚያድሰው ፕሮግራምም በተለምዶ 30 ቀናት ሲቀሩት ራሱ ያድሰዋል። እንግዲህ ጠዋት ተነሥታችሁ ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎ ካገኛችሁት፣ ብልሽቱ የታየው ዛሬ ነው፤ የደረሰው ግን ከወር በፊት ነው። ፍለጋውም ዛሬ በተለወጠው ነገር ላይ ሳይሆን ባለፈው ወር በተለወጠው ላይ ይሁን፤ ምናልባት ያን ጊዜ ቁጥር 80 በር ተዘግቶ፣ ወይም የማደሻው ሰዓት ቆጣሪ ቆሞ ይሆናል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ የማስጠንቀቂያ ኢሜይል መላኩን አቁሟል፤ ስለዚህ ማስታወሱ የእኛ ፈንታ ሆኗል።

ከሁሉም ብልሽቶች ይልቅ በማስተማሪያነቱ የምወደው የሰዓት ብልሽት ነው። ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚተማመኑት በዲጂታል ፊርማ ነው። ሰርቨሬ መልእክት ሲልክ በምስጢራዊ ቁልፉ ይፈርምበታል፤ በፊርማውም ውስጥ ቀንና ሰዓት አለ። ተቀባዩ የእኔን ይፋዊ ቁልፍ ከሰርቨሬ አምጥቶ ፊርማውን ይመረምራል፤ ሰዓቱ ከራሱ ሰዓት እጅግ የራቀ ከሆነ አሮጌ መልእክት ተሰርቆ ዳግም እየተላከ ነው ብሎ ይጠረጥርና ይመልሰዋል። አሁን መብራት ጠፍቶ የተመለሰበትን የቤት ሰርቨር አስቡ። በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ አልቃለች። ማሽኑ ሲነሣ ዘመኑን ከዓመታት በፊት አድርጎ ይቆጥራል። ድሩ ይከፈታል፤ ሰዎች ይጽፋሉ፤ ጽሑፉም በራሱ በሰርቨሩ ላይ ይታያል። ወደ ውጭ ግን አንድም አይወጣም፤ ማሽኑ የሌሎችን ሰርተፊኬት ሲመለከት «ይህ ገና ወደፊት የሚጸና ነው» ብሎ ግንኙነቱን ያቋርጣልና። በመዝገቡ ላይ የሚነበበው ስለ ሰርተፊኬት የሚያማርር ስሕተት ነው፤ ተማሪውም ቀኑን ሙሉ ሰርተፊኬት ሲያድስ ይውላል። መድኃኒቱ ግን ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሰዓት አገልግሎት ጋር ማስተካከልና ባትሪዋን መለወጥ ነው። ምልክቱ ያለበት ቦታና ሕመሙ ያለበት ቦታ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ሰዓትን ካነሣን አይቀር፣ እኛን ብቻ የሚመለከት ጣጣ አለ። ሰርቨሮች መዝገባቸውን የሚጽፉት በተለምዶ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ተጠቃሚው ደግሞ የሚናገረው በእኛ አቆጣጠር ነው። «ማክሰኞ ለረቡዕ ሌሊት በ7 ሰዓት ተቋረጠ» ቢላችሁ፣ በመዝገቡ ላይ የምትፈልጉት ማክሰኞ 22 ሰዓትን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የቀን ሰዓት ከሆነ በእኛ ቁጥር ላይ 3 ጨምሩ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በመዝገቡ 11 ይሆናል። የሌሊት ሰዓት ከሆነ 15 ጨምሩና ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ቀንሱ። ይህን በወረቀት ጽፎ ከሰርቨሩ አጠገብ የለጠፈ ሰው በተሳሳተው ሰዓት መዝገብ ላይ ስሕተት ሲፈልግ አያድርም።

ቀጥሎ ወረፋው ነው። ማስቶዶን ጽሑፍ ሲጻፍ ወዲያው አይልክም፤ «ይህን ለእነ እገሌ አድርስ» የሚል ትእዛዝ በወረፋ ያስቀምጥና ሳይድኪክ በተራ ያደርሳል። ተቀባዩ ካልመለሰ፣ እያራዘመ ደጋግሞ ይሞክራል፤ መጀመሪያ ከሰከንዶች በኋላ፣ ከዚያ ከደቂቃዎች፣ ከዚያ ከሰዓታት በኋላ። ስለዚህ ሰርቨራችሁ ለአንድ ቀን ቢጠፋ ዓለም አትረሳችሁም፤ ሌሎቹ በትዕግሥት ይሞክራሉ። ነገር ግን አንድ ሰርቨር በሰባት የተለያዩ ቀናት ሳይመልስ ከቀረ ማስቶዶን «አይገኝም» ብሎ ይመዘግበውና መላክ ያቆማል፤ ከእርሱ መልእክት ሲመጣ ነው ዳግም የሚከፍተው። ለረጅም ጊዜ መብራት ላጣ ሰርቨር ትርጉሙ ግልጽ ነው። ስትመለሱ ዝም ብላችሁ ከጠበቃችሁ ጸጥታው ሊቀጥል ይችላል፤ አንድ ነገር ጻፉ፤ በሕይወት መኖራችሁን የሚያውቁት በዚያ ነው።

ወረፋው ሲረዝም ብዙ ሰው የሠራተኞቹን ቁጥር ለመጨመር ይቸኩላል። ሠራተኛ በጨመረ ቁጥር ግን ወደ መረጃ ቋቱ የሚከፈቱት ግንኙነቶች ይበዛሉ፤ የፖስትግረስ ገደብ ሲሞላም ቀድሞ የዘገየው አሁን ጨርሶ ይቆማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አስቀድሞ መታየት ያለበት የትኛው ወረፋ እንደረዘመ ነው። የሚገባው ከሆነ ሌላ፣ የሚወጣው ከሆነ ሌላ ምክንያት አለው፤ አንድ የሞተ ሰርቨርን ደጋግሞ የሚጠራ ሥራ ብቻ ከሆነም ሕመም አይደለም።

የዲስክ መሙላት ከሁሉ የበለጠ የተለመደው፣ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳፍረውም ነው። ሦስት ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት ሰርቨር እንዴት በመቶ ጊጋባይት ይሞላል? ሦስቱ ሰዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎችን ስለሚከተሉ፣ የእነዚያ ሁሉ ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮና የገጽ ምስል ቅጂ በእናንተ ዲስክ ላይ ስለሚከማች ነው። ማስቶዶን ከተወሰነ ቀን ያለፈውን የውጭ ቅጂ የሚያጸዳ ትእዛዝ አለው፤ በራሱ ጊዜ እንዲሠራ ቀጠሮ ይሰጠው። ዲስኩ ከሞላ በኋላ የሚታየው ምልክት ደግሞ ያደናግራል። ማንበብ ይቻላል፤ መጻፍ ግን 500 ቁጥር ያለበት ስሕተት ይመልሳል፤ ሬዲስ ማስታወሻውን በዲስክ ማስቀመጥ ስላቃተው አዲስ ነገር አልቀበልም ይላል፤ ፖስትግረስም ሊቆም ይችላል። በዚህ ሰዓት ተደናግጦ በፖስትግረስ ማኅደር ውስጥ ትልልቅ ፋይሎችን እያዩ መሰረዝ ሞትን መጥራት ነው። እነዚያ የቋቱ የዕለት ውሎ መዝገቦች ናቸው፤ ያለ እነርሱ ቋቱ ላይነሣ ይችላል። ቦታ የሚለቀቀው ከአሮጌ የስሕተት መዝገቦች፣ ከውጭ ቅጂዎች፣ ከማያገለግሉ የዶከር ምስሎች ነው። አንዳንዴም ዲስኩ ባዶ ቦታ እያሳየ «ቦታ የለም» ይላል፤ ያን ጊዜ ያለቀው የፋይል ቁጥር ነው። እያንዳንዱ የፋይል ሥርዓት ሊይዝ የሚችለው የፋይል ብዛት አለው፤ ትንንሽ ምስሎች በብዛት ሲከማቹ መጠኑ ሳይሞላ ቁጥሩ ይሞላል።

የኢሜይል ጉዳይ በአጭሩ፦ አዲስ አባል ማረጋገጫ አልደረሰኝም ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማስቶዶን አይደለም። ማሽን የሚያከራዩ ድርጅቶች ብዙዎቹ ቁጥር 25 በርን ይዘጋሉ፤ ቢከፈትም፣ ስሙ በእኛ ፈቃድ እንደሚልክ የሚመሰክሩት የዲኤንኤስ መዝገቦች ካልተሟሉ ደብዳቤው አይፈለጌ ተብሎ ይጣላል። የራስን የኢሜይል ሰርቨር ማቆም ከማኅበራዊ ሚዲያው ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ በሌላ አገልግሎት በኩል መላክ የሚያስነቅፍ አይደለም።

በፊደላችን ለሚጽፉ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። የማስቶዶን የመለያ ስም የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የግርጌ መስመር ብቻ ነው፤ የሚታየው ስም ግን በግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል። የጽሑፉ የተለመደ ገደብ 500 ፊደል ሲሆን የሚቆጠረው በፊደል እንጂ በባይት ስላልሆነ፣ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት መያዙ አይጎዳንም፤ እንዲያውም አንዱ ፊደል አንድ ቃና ስለሆነ በ500 ፊደል ከእንግሊዝኛው የበለጠ እንናገራለን። የሚጎዳን ፍለጋው ነው። አንዱ ፀሐይ፣ ሌላው ጸሐይ፣ ሦስተኛው ጸሃይ ብሎ መለያ ቃል ቢያደርግ፣ ለሰርቨሩ ሦስቱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ማጣሪያ በሶፍትዌሩ ውስጥ የለም። ለቋንቋ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ርእስ እዚህ ተቀምጧል።

አሁን ከማሽኑ ወደ ሰዎቹ ልሻገር፤ ለእኔ ክብደቱ እዚህ ነው ያለው። የእድሩ ጸሐፊ የአባላቱን ስም ዝርዝር እንደሚይዝ፣ የሰርቨሩ አስተዳዳሪም የሰዎችን ቃል ይይዛል። በማስቶዶን «የግል» ተብሎ የሚላከው መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ስለሚቀመጥ የላኪውም የተቀባዩም አስተዳዳሪ ሊያነበው ይችላል። ይህን ለአባላት ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ አለመንገር ነውር ነው። እንደዚሁም ጽሑፍ ሲሰረዝ ሰርቨራችን ለሌሎች የስረዛ መልእክት ይልካል፤ ያ ሰርቨር ትእዛዙን እንዲፈጽም ግን ማስገደድ አይቻልም። «ሰርዤዋለሁ» ማለት «እንዲሰርዙት ጠይቄአለሁ» ማለት ነው።

የሶፍትዌር ማደስም ከዚሁ ኃላፊነት ይመደባል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 በማስቶዶን የምስልና የድምፅ ፋይል አቀባበል ላይ እጅግ አደገኛ ክፍተት ተገኝቶ ተደፈነ። ተንኮለኛ ሰው በተለየ መንገድ የተዘጋጀ ፋይል በመላክ በሰርቨሩ ላይ ፋይል መጻፍ ይችል ነበር። ማስተካከያው ክፍተቱ ይፋ በሆነበት ዕለት ለሁሉም ተሰጥቷል፤ ነገር ግን በየሰርቨሩ መጫን ያለበት በየአስተዳዳሪው እጅ ነው። በትልቅ ድርጅት ውስጥ ይህን የሚሠራ ክፍል አለ፤ በእናንተ ሰርቨር ላይ ክፍሉ እናንተ ናችሁ፤ የፈተና ሳምንት ቢሆንም።

ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ያለው ግንኙነትም ውሳኔ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ጋብ የተባለው፣ በጥላቻ ንግግር የሚነቀፈው መድረክ የማስቶዶንን ኮድ ወስዶ ወደ ፌዴሬሽኑ ሲገባ፣ ብዙ ሰርቨሮች በየራሳቸው ውሳኔ በራቸውን ዘጉበት። ማንም ማዕከላዊ ባለሥልጣን አላገደውም፤ ኮዱም ነጻ ስለሆነ መጠቀሙን ማንም አልከለከለውም። ይህ የፌዴሬሽኑ ብርታት ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በር የመዝጋቱ ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲሆን፣ ያ ሰው በግል ቅያሜ የአባላቱን ወዳጅነት ሊቆርጥ ይችላል። ደንቡ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ውሳኔውም ምክንያቱ ተጠቅሶ ለአባላት ይገለጽ።

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ይታወቅ። በመጀመሪያ የመረጃ ቋቱ፣ ቀጥሎ የምስጢር ቁልፎቹ ያሉበት የቅንብር ፋይል፣ ከዚያ አባላት የሰቀሏቸው ምስሎች ናቸው። የውጭ ምስሎች ቅጂ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ዳግም ሊመጣ ይችላል። ቋቱ ጠፍቶ በዚያው ስም አዲስ ሰርቨር ቢነሣ፣ ሌሎች ሰርቨሮች የሚያስታውሱትን እርሱ አያስታውስም። እነርሱ «እከተለዋለሁ» ይላሉ፤ እርሱ ተከታዮቹን አያውቅም፤ ስለዚህ የሚጽፈው ለማንም አይደርስም። ቅጂውም በዚያው ማሽን ላይ ከተቀመጠ ቅጂ አይባልም፤ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ የሚቃጠል ነው። ደግሞም ቅጂው ደኅና መሆኑ የሚታወቀው በሌላ ማሽን ላይ ተዘርግቶ ሲነሣ ብቻ ነው፤ በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ይህን መሞከር ለተማሪዎች ጥሩ የቤተ ሙከራ ሥራ ይሆናል።

በመጨረሻ የሚነሣው ጥያቄ መዝጋት ነው። ተማሪ ይመረቃል፤ ገንዘብ ያልቃል፤ አስተዳዳሪ ይደክማል። የማስቶዶን አዘጋጆች በይፋ ዝርዝራቸው ለሚያስገቧቸው ሰርቨሮች ካስቀመጧቸው ግዴታዎች ሁለቱ፣ በአደጋ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ መግባት የሚችል ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው መኖሩና ከመዘጋቱ በፊት ቢያንስ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠቱ ናቸው። ለትንሽ ሰርቨርም ልኩ ይኸው ነው። በእነዚያ ሦስት ወራት አባላት ወደ ሌላ ሰርቨር ይዛወራሉ፤ ተከታዮቻቸው አብረዋቸው ይሄዳሉ፤ የጻፏቸው ጽሑፎች ግን አይሄዱም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አባል የጽሑፎቹን ማኅደር እንዲያወርድ በስሙ ተጠርቶ ይነገረው። ከዚያም አስተዳዳሪው ለሚያውቃቸው ሰርቨሮች ሁሉ «የነበሩን አባላት የሉም፤ ሰርዟቸው» የሚል መልእክት የሚያሰራጨውን ትእዛዝ ይሰጣል። ማሽኑን በዚያው ሰዓት ማጥፋት አይገባም። የስንብቱ መልእክት ራሱ በወረፋ ነው የሚሄደው፤ ሳይድኪክ የመጨረሻውን አድርሶ ወረፋው ባዶ እስኪሆን ድረስ ሰርቨሩ መብራት አግኝቶ፣ ስሙም ታድሶ መቆየት አለበት።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም በእጃችሁ ያለ የስሕተት መዝገብ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከእርሱ እንጀምር።